ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው

በዚያ ዘመን ከአየር ጤና ተነሥቶ ሰበታን አልፎ እስከ ተፍኪ ድረስ ከእኔ ጉሮሮ የበለጠ የታወቀ ጉሮሮ አልነበረም። ሚኒባስ ውስጥ እኔ ነበርኩ። ጸጉር ቤት ውስጥ እኔ ነበርኩ። ሥጋ ቤት ውስጥ፣ ሥጋው ራሱ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ ያዳምጠኝ ነበር ብል ማን ያስተባብለኛል? ውሾች እንኳ ስስል ድምፄን ለይተው ጅራታቸውን ይቆሉልኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ዝና የሰበሰብኩት ስለ ተቅማጥ በማውራት ነው።

ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ስሜ ታዬ ነው። ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበርኩ፤ ሥራዬ በደረቁ ሲነገር መጸዳጃ ቤት መቁጠር ነው። ሰው «ዶክተር» ሲለኝ ግን አንድም ቀን አላረምኩም። ለዓመታት በየቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆሜ እጃችሁን ታጠቡ ስል ሰዉ ያንቀላፋብኝ ነበር። አንዳንዱማ ያንኮራፋል። አንድ ቀን በሽቄ የመድኃኒት መጋዘኑ ውስጥ ገባሁና፣ ድምፄ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በስልኬ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቀዳሁ። በቀልድ ላይ ቀልድ ደረብኩበት። ስሙንም «ጤና በጆሮ» አልኩት። አዲስ አበባ ለሥልጠና ስሄድ አንዲት ወጣት ሐኪም ሰምታው «ይሄ እኮ ፖድካስት ነው» አለችኝ። ቃሉን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እራት ላይ እንኳ ሳላነሣው አላድርም። ሚስቴ እስከ ዛሬ አንዱንም ክፍል እስከ መጨረሻ ሰምታው አታውቅም።

የሌላው ሰው ፖድካስት በኢንተርኔት ይሄዳል። የእኔው የሚሄደው በሰይድ ነበር። ሰይድ መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን በሜሞሪ ካርድ የሚጭን ባለሱቅ ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው ሰበታ የነገዱ፣ ራሱ ግን ከሦስት ቃል በላይ ማውጣት የሚከብደው ዝምተኛ ሰው። ዘፈን ላስጫነ ሁሉ የእኔን ወሬ መርቆ ይጭንለታል። ግርግሩ ተነሥቶ ኢንተርኔት ሲጠፋማ አገሩን ሁሉ ለእኔና ለሰይድ ለቀቁልን።

ጊዜው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ በኋላ ነው። ቀርቷል ቢባልም የቀረ ነገር አልነበረም፤ መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ ይሆናል። በዚያ ላይ ክረምቱ አተትን ይዞ መጣ። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው፤ ሰውን ውሃውን አሟጦ በአንድ ቀን የሚጥል። እኔም ቤት ውስጥ ስለሚዘጋጀው የስኳርና የጨው ውሃ አንድ ክፍል ሠራሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ እንደሱ የተወደደ የለም።

ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ተፍኪ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ አንዲት ሴት ትልቅ የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ ተቀምጣለች። ሰበታን እንደወጣን ሾፌሩ ቴፑን ሲከፍተው ማን ቢያወራ ጥሩ ነው? እኔ። ያውም የጨዉን።

«ወገኖቼ፣ የእኛ ሰው ለወጥ ጨው በእፍኝ ይጨምራል፣ ለነፍሱ ሲሆን ግን በጥፍሩ ቆንጥሮ ይሰስታል! በእፍኝ አድርጉት፣ በእፍኝ! ባሕር ያንን ሁሉ ጨው ጠጥቶ ተቅማጥ ይዞት ያውቃል? ሰምታችኋል? ባሕር ሽንት ቤት ሲሮጥ ያየ አለ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። በዚያ ሰሞን ሰው ታክሲ ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚጓዘው፤ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አይታወቅምና። ያን ሁሉ የታፈነ ሰው አሳቅኩት። ራሴን መግዛት አቅቶኝ ወደ ሴትየዋ ዘንበል አልኩና ሰውየውን ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት።

«የጨዉን ሰውዬ? የማያውቀው ማን አለ።»

«ከጎንሽ ነው የተቀመጠው።»

ከራስ ጸጉሬ እስከ ጫማዬ አየችኝ። «በድምፅህ ረጅም ትመስላለህ» አለች።

ዘይነባ ትባላለች። በየገበያው እየዞረች ጨርቅ የምትሸጥ፣ አፏ እንደ መቀሷ የሚቆርጥ ሴት ናት። ቁመቴን አስመልክታ ሌላም ሌላም እያለችኝ ሳለ መኪናው ቆመ። ከፊታችን የባሕር ዛፍ ግንድና ድንጋይ አስፋልቱን ዘግቶታል፤ ከወዲያው በኩል የጎማ ጭስ ይታያል። ሾፌሩ ሊመለስ ሲያዞር ከኋላችንም ዘግተውት ኖሯል። መሐል ቀረን። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ አንድ ሁለት ጊዜ ተኩስ ተሰማ። ሾፌሩ ቴፑን ዘጋው።

ዝናቡም ጀመረ። የሚኒባሱ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ዘይነባ ለጨርቋ ፈራች። ከመንገዱ ዳር ካለው ግቢ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉና በእጃቸው ጠሩን። ሌላው ሰው መኪናውን ትቶ መሄድ አልፈለገም፤ እኔና ዘይነባ ጥቅሉን ግራና ቀኝ ይዘን ሮጥን። «አካም ጅርቱ» አልኳቸው በሰባራ ኦሮምኛዬ። ኦቦ ለሚ ይባላሉ። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አስገብተውን፣ አስቀምጠውን፣ ቦርሳዬን ደጋግመው አዩት።

«ልትለካ ነው የመጣኸው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ኧረ እኔ የጤና ሰው ነኝ፣ አባቴ።»

«መሬቱን ለመለካት የመጡትም እንዲህ ያለ ቦርሳ ነበራቸው» አሉና ወደ ደጅ ዞሩ። ማሳቸው በበሩ በኩል ይታያል፤ ጤፉ ገና መብቀሉ ነው። እኔም ለጨዋታ ያህል እርስዎን የሚያፈናቅል ቢመጣ እኔ ራሴ ሽንት ቤት ውስጥ እቆልፍበታለሁ አልኳቸው። አልሳቁም። ያኔ ነው ከጓዳ የሕፃን ልቅሶ የሰማሁት። ልቅሶ ከተባለ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ የማያባራ ድምፅ ነበር።

የልጃቸው ሚስት ጫልቱ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጅቷ ሲፈን ትባላለች፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ። ከትናንት ጀምሮ እያስቀመጣትና እያስመለሳት ነው። አባቷ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። የጫልቱን ሌላኛውን እጅ ሳይ ግን ልቤ ዘለለች፤ ጆግና ማንኪያ ይዛለች። እያበጠበጠች የስኳርና የጨው ውሃ ታጠጣለች! ከተማሪዎቹ አንዷን በዓይኑ እንዳየ መምህር ሆንኩ። ወደ ዘይነባም «አየሽ» በሚል ዓይን ዞር አልኩ።

«ጎበዝ! ይሄን ማን አስተማረሽ?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅኩ።

«ስልክ ላይ አንድ ዶክተር አለ።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ያቺን ሕፃን እናቷ ክንድ ላይ እንደዚያ ሆና እያየሁ ደስ አለኝ። ማንኪያውን ተቀብዬ በባለሙያ ወግ ከጆጉ ቀመስኩ።

ምላሴ ተኮማተረ። ጨው ነው። ስኳር የሚባል አይታወቀውም፤ ጨው ብቻ። ተፋሁት፤ ሰው ቤት ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተፋሁት።

ስንት ጨው ነው የጨመርሽው አልኳት። ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ ጣቶቿን ሰብስባ አሳየችኝ። እፍኝ። ኦቦ ለሚ እኔም በዛ ብያት ነበር ሲሉ፣ ለመሟገት ስልኳን አወጣችና ከፈተችው። «በእፍኝ አድርጉት፣ በእፍኝ!» አለ ድምፄ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ። ባሕሩም መጣ፣ ሽንት ቤቱም መጣ፣ ከዚያ የራሴ ሳቅ፣ ከዚያ ጸጥ። አለቀ። ከሳቁ ቀጥሎ «አሁን ቀልዱን ልተወውና» ብዬ የተናገርኩት፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው የሚለው ልኬት፣ በእሷ ስልክ ላይ የለም። ተቆርጧል።

ዘይነባ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ይሄ ሰውዬ ተሳስቷል» አልኩ። «ብዙ ጨው ሕፃን ይጎዳል። አሁኑኑ አቁሚው።»

ጫልቱ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። «ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበችና ዝም አለች። ያቺ ሴት ዝም ስትል መጀመሪያም መጨረሻም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕፃኗ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ታለቅሳለች ግን እንባ የላትም፣ ማንኪያ ባየች ቁጥር ትንጠራራለች። ጣቶቿ በየመሐሉ ብርግግ ይላሉ። እንዳይሰሙኝ ዝናቡ ውስጥ ወጥቼ ተፍኪ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ወደማውቃት ነርስ ወደ ሲስተር አልማዝ ደወልኩ። ያንን ውሃ ደፍታችሁ እናቷ ጡት ታጥባት፣ ተራ ውሃም ባንዴ እንዳትግቷት፣ ይዛችሁ ሩጡ አለችኝ። አንዴ ከተንቀጠቀጠች ነገሩ ከባድ ነው አለች። ቀጥላ፣

«ማን ነው ይሄን ያህል ጨው ጨምሪ ያላት?» አለች።

«ኔትወርኩ አይሰማም» ብዬ ዘጋሁት። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ኦቦ ለሚ ጉልበታቸው ለዚያ መንገድ አይሆንም፤ ጃንጥላቸውን ለጫልቱ ሰጧት። ሕፃኗን ጡቷ ላይ አድርጋ ታቀፈቻት። ዘይነባ ጥቅሏን እዚያው ትታ ተከተለችን። ጤና ጣቢያው ከተዘጋው መንገድ ማዶ ነው፤ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። እኔ እየተራመድኩ የጫልቱን ትከሻ ብቻ ነበር የማየው። ልጅቷ ድምፅ ባሰማች ቁጥር ይጨንቀኛል፤ ዝም ባለች ቁጥር ደግሞ ይብስብኛል።

ድንጋዩ ዘንድ ስንደርስ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች ከበቡን። የተተኮሰው በእነሱ ላይ ስለነበር ተቆጥተዋል፣ ፈርተዋልም፤ አንዱ እጁ በጨርቅ ታስሯል። ጫልቱ በኦሮምኛ «ማሎ፣ ማሎ» እያለች ለመነቻቸው። ለእሷ መንገድ መልቀቅ ሲጀምሩ አንዱ ረጅም ልጅ ቦርሳዬን ያዘና አስከፈተኝ። በውስጡ ምን ነበር? የመጸዳጃ ቤት ቆጠራ ቅጽ፣ አንድ ክምር። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበ። «የአባወራ ስም። የቤት ቁጥር። የቤተሰብ ብዛት። የቦታ ስፋት በካሬ ሜትር።»

ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። የሽንት ቤት ነው አልኩ፣ ጉድጓዱ ስንት ካሬ እንደሆነ ነው አልኩ፣ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። እንዲህ ያለ ውሸት ከየት ይመጣል ብሎ ያመነኝ የለም። ለጫልቱም ከመንግሥት መሬት ለኪ ጋር ምን ትሠሪያለሽ አሏት፤ የተከፈተው መንገድ መልሶ ተዘጋ። ሕፃኗ የታመመችው በእውነት መሆኑን እንኳ መጠራጠር ጀመሩ። በእኔ የተነሣ ሁለተኛ ጊዜ ልትሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

ይሄኔ ዘይነባ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። እያዘነች ነበር የተናገረችው።

«ድምፁን አታውቁትም እንዴ? የጨዉ ሰውዬ ነው።»

ጫልቱ ዞራ አየችኝ።

ረጅሙ ልጅ ዓይኑን አጥብቦ «እስቲ በለው» አለኝ። ምኑን? «የጨዉን። ከሆንክ በለው።»

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ብዙ መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ያለ መድረክ ግን ለጠላቴም አልመኝም። ዝናቡ እየወረደብኝ፣ ቅጾቼ ጭቃ ላይ ተበትነው፣ ጫልቱ ከእኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ቀልዱን ጀመርኩ። «ወገኖቼ፣ የእኛ ሰው ለወጥ ጨው በእፍኝ ይጨምራል…» ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እነሱ የቀልዱ አካል መሰላቸው። ባሕሩ ላይ ስደርስ እጁ የታሰረው ልጅ ሳቀ። ሽንት ቤቱ ላይ ስደርስ ሁሉም ሳቁ፤ ትከሻዬን መቱኝ፤ አንዱ ራሱ ነው፣ ራሱ ነው እያለ ቅጾቼን ከጭቃ ይለቅምልኝ ጀመር። ረጅሙ ልጅ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሞተር ሳይክል አውጥቶ አስነሣና ጫልቱን ከኋላው እንድትቀመጥ ነገራት።

ከመቀመጧ በፊት ወደ እኔ ተጠጋች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ስሰማህ አልሳቅኩም» አለችኝ። «ልጄ ታማብኝ ነበር።»

ሄዱ።

እኔና ዘይነባ በእግራችን ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሕፃኗ መንገድ ላይ አንዴ ተንቀጥቅጣለች። ሲስተር አልማዝ ግሉኮሱን በጠብታ፣ በጣም በዝግታ ሰክታላት እላይዋ ላይ ቆማለች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳው ተለጥፌ ቆምኩ። ዐሥር ሰዓት ገደማ ሲፈን ሸናች። መጸዳጃ ቤት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለአንድ ዳይፐር እርጥብ መሆን እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። በአምስተኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት አባቷ መጥቶ ወሰዳት። ተርፋለች።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዬ አልሆንኩም። በሳምንቱ አዲስ ቀረጻ ሠራሁ። ያለ ቀልድ፣ ያለ ባሕር፦ አንድ ሊትር ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በእፍኝ ያልኩት ስሕተት ነው፣ ይቅርታ። ማንም አላስጫነውም። ሰይድ በነፃ ሲመርቅላቸው እንኳ ቦታ ይይዛል ብለው ያስጠፉታል። ቀልዱ ግን ዛሬም አለ። ዓመታት አልፈው ቡራዩ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ሱሉልታ የሚኖር ወንድሜም በቴሌግራም ላከልኝ፣ «አንተ ነህ አይደል?» ብሎ። ስንት ቤት ስንት ጆግ እንደተበጠበጠበት አላውቅም። ያቺን አንዷን ያየሁት መንገድ ስለተዘጋ ብቻ ነው።

እናንተም ድምፅ ቀድታችሁ ለሕዝብ የምትለቁ ካላችሁ፣ አሁን ብዙ ናችሁና፣ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ከሚሰሟችሁ መሐል አንዷ ልጇን ታቅፋ ነው የምትሰማችሁ። እሷ ቀልድና ትእዛዝ የምትለይበት ፋታ የላትም። ያላችኋትን ሁሉ ታደርጋለች። መናገር የሚገባችሁ ለእሷ ነው፤ የሚስቁት የትም አይሄዱም።

ይህን ብዬ ብጨርስ እንዴት ባማረብኝ። ግን የቀረ አለ።

ያን ቀን ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ልኬቱን ተናግሬው ነበር፣ ተቆርጦ ነው ስላት ዘይነባ ማን ቆረጠው ብላ ጠየቀችኝ። ሜሞሪ የሚጭነው ሰይድ ነው አልኳት። መንገዱ በተከፈተ ማግስት ሱቁ ድረስ ሄዳ ሰው በተሰበሰበበት አዋረደችው፤ የሕፃን ነፍስ ለዘፈን ቦታ ትሸጣለህ አለችው። ሰይድ አንድ ቃል አልመለሰም። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር፤ አይቶኛል። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ሰጥቶኝ አያውቅም፣ ቀረጻዎቼን ግን መጫኑን አልተወም።

ልኬቱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ፣ እዚህ ላይ፣ ሳቁ ላይ ቁረጠው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ያሰለቻል አልኩት። ሰይድ እጁን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ «ጨዉስ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

«እሱን ማን ይሰማል» አልኩት።